የንግድ ሕግ ዲግሪ፦ ሊገቡበት ላሰቡ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክፍል ውስጥ ከሚነሱት ጥያቄዎች አንዱ ይህን ይመስላል። አንድ ነጋዴ ለሌላው ኢሜይል ይጽፋል፦ «40 የውሃ ፓምፖች አሉኝ፣ ዋጋቸው ይሄ ነው፣ ከፈለግህ አሳውቀኝ።» ገዢው «ተስማምቻለሁ፣ ግን እስከ ማክሰኞ ይድረሱልኝ» ብሎ ይመልሳል። ሻጩ ዝም ይላል። ሰኞ ዕለት ፓምፖቹን የተሻለ ዋጋ ለሰጠው ለሌላ ሰው ይሸጣቸዋል። ማክሰኞ ሲመሽ የመጀመሪያው ገዢ «ዕቃዬስ?» ብሎ ይደውላል። ለመሆኑ ውል ነበር?

የክፍሉ እኩሌታ «ተስማምቻለሁ ብሏልኮ!» ይላል። ሌላው እኩሌታ «ሻጩ መቼ መለሰለት?» ብሎ ይከራከራል። አስተማሪው ሁለቱንም ሰምቶ መልሱን አይናገርም፤ «ለምን?» ብቻ ይላል። ትምህርቱ የሚጀምረው እዚያች «ለምን» ላይ ነው።

ነገሩን ያወሳሰበችው «ግን» የምትለው ቃል ናት። በብዙ አገሮች ሕግ፣ ለቀረበ የውል ሐሳብ የሚሰጥ መልስ አዲስ ነገር ከጨመረበት እንደ መቀበል አይቆጠርም። የመጀመሪያውን ሐሳብ ገፍቶ በቦታው አዲስ ሐሳብ ማቅረብ ነው። ስለዚህ ሐሳብ አቅራቢው አሁን ገዢው ሆኗል፤ የሻጩ ዝምታ ደግሞ በመደበኛው ሁኔታ እሺታ አይደለም። ውል የለም ማለት ነው። ሁለቱ ነጋዴዎች በተለያዩ አገሮች ያሉና አገሮቻቸውም እ.ኤ.አ. በ1980 ቪየና ላይ የተፈረመውን የዓለም አቀፍ የዕቃ ሽያጭ ስምምነት የተቀበሉ ቢሆኑስ? በዚያ ስምምነት አንቀጽ 19 መሠረት ጥቃቅን ለውጥ ያለበት መልስ ሌላው ወገን ሳይዘገይ ካልተቃወመ በቀር ውል ይፈጥራል። ዳሩ ግን ይኸው አንቀጽ ወረድ ብሎ የርክክብን ጊዜ መለወጥ እንደ ትልቅ ለውጥ እንደሚቆጠር ይናገራል። ስለዚህ በመደበኛው ሁኔታ አሁንም ውል የለም፤ የተደረሰበት መንገድ ግን ሌላ ነው። ተማሪው ማርክ የሚያገኘው ደግሞ ለመንገዱ ነው። «ውል የለም» ብሎ ብቻ ጽፎ የወጣ ልጅ መልሱን ቢያገኘውም ይወድቃል።

ይህን ያስቀደምኩት ብዙ ሰው ወደዚህ ትምህርት ሲገባ አንቀጽ ለመሸምደድ ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ ነው። ሽምደዳው አለ፣ አይካድም፤ ግን ቀላሉ ክፍል እሱ ነው።

የዲግሪውን ዓይነት አስቀድሞ መለየት

«ንግድ ሕግ» ወይም «ቢዝነስ ሎው» የሚል ስም የያዙ ዲግሪዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ ሙሉ የሕግ ዲግሪ ሆኖ የምርጫ ኮርሶቹ ብቻ ወደ ንግድ ያዘነበሉበት ነው። ሌላው በቢዝነስ ፋኩልቲ ሥር የሚሰጥ፣ አካውንቲንግና ማኔጅመንት ዋናው ሆኖ የሕግ ኮርሶች የተጨመሩበት ነው። ሁለቱን እኩል ለእኩል የሚያጣምርም አለ። በየትኛውም ቢሆን የመጀመሪያው ሴሚስተር ስለሚመሳሰል ልዩነቱ አይታወቅም። የሚታወቀው በመጨረሻ፣ «አሁን ጠበቃ መሆን እችላለሁ?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ነው።

መልሱ እንደየአገሩ ነው። በእንግሊዝና ዌልስ ከ2021 ወዲህ ሶሊሲተር (ባለጉዳይ የሚያማክርና ሰነድ የሚያዘጋጅ ጠበቃ) ለመሆን የግድ የሕግ ዲግሪ አይጠየቅም፤ በማንኛውም ትምህርት የተገኘ ዲግሪ፣ ሁለት ደረጃ ያለው የሙያ ፈተናና የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የጠበቃነቱ ትምህርት የሚመጣው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው፤ በተለምዶ ሦስት ዓመት የሚፈጅ ሌላ ትምህርት ማለት ነው። ስለዚህ እዚያ በንግድ ሕግ የተገኘ ባችለር በራሱ ችሎት አያቆምም። በጀርመን ደግሞ «የኢኮኖሚ ሕግ» ባችለር የሚሰጡ ተቋማት ሞልተዋል፤ ጠበቃና ዳኛ የሚኮነው ግን በሌላ መንገድ፣ ሁለቱን የመንግሥት ፈተናዎች በማለፍ ነው። ይህን ሦስተኛ ዓመት ላይ ደርሰው የሚሰሙ ተማሪዎች አሉ፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም አንድ ጥያቄ ለሬጅስትራር ቢያቀርቡ ኖሮ ገና ሲመዘገቡ ያውቁት ነበር።

አንደኛ ዓመት፦ «ንግዱ የታለ?»

የተለመደው ቅሬታ ይህ ነው። ኩባንያ፣ አክሲዮን፣ ባንክ ብሎ የመጣ ተማሪ የሚሰጠው የሕግ አወጣጥ ሥርዓት፣ የውል ሕግ፣ ከውል ውጭ የሚመጣ ኃላፊነት፣ የንብረት ሕግና ትንሽ ሕገ መንግሥት ነው። ታገሱት። የኩባንያ ሕግ ግማሽ ያህሉ የውል ሕግ ነው፤ የኢንሹራንስ ሕግም እንዲሁ፤ የብድርና የመያዣ ሕግ ደግሞ ያለ ንብረት ሕግ አይገባም። አንደኛ ዓመት ላይ ውል በቅጡ ያልገባው ልጅ እስከ መጨረሻው እያነከሰ ይሄዳል።

የንባቡ ዓይነት የሚወሰነው ሕጉ በምን ሥርዓት እንደተሠራ ነው። ፈረንሳይ በ1804 የፍትሐ ብሔር ሕጓን፣ በ1807 የንግድ ሕጓን በመጽሐፍ ጠርዛ አወጣች። የጀርመኑ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1900 ሥራ ላይ ዋለ። የእነዚህን ፈለግ በተከተሉ አገሮች ተማሪው ከአንቀጹ ይነሳል፤ አንቀጹን፣ ከዚያ የምሁራንን ማብራሪያ፣ ከዚያ ፍርዱን ያነባል። በእንግሊዝና የእሷን መንገድ በያዙት አገሮች ግን ትልቁ የውል ሕግ ክፍል ዳኞች ባለፉት ዘመናት በሰጧቸው ፍርዶች ውስጥ ተበትኖ ነው የሚገኘው። አንዲት ደንብ ለማግኘት 40 ገጽ ፍርድ ማንበብ ብርቅ አይደለም። ያም ሆኖ በሁለቱም ወገን ፍርድ ማንበብ አይቀርም።

ፍርድ ማንበብ ምን እንደሆነ በአንድ ጉዳይ ላሳይ። በ1854 የተፈረደ ነው፤ ሃድሊ እና ባክሴንዴል ይባላል። ግሎስተር ከተማ ያለ በእንፋሎት የሚሠራ ወፍጮ ዋና ዘንጉ ይሰበርበታል። አዲሱን የሚሠሩት ግሪኒች ያሉ መሐንዲሶች ስለሆኑ፣ የተሰበረው ለናሙና እንዲደርሳቸው ለአጓጓዦች ይሰጣል። አጓጓዦቹ ያዘገዩታል። ዕቃው መንገድ ላይ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ወፍጮው ቆሟል። ባለወፍጮዎቹ ያመለጠንን ትርፍ ክፈሉን ብለው ከሰሱ።

አጓጓዦቹ አጥፍተዋል፤ እዚህ ላይ ጥያቄ የለም። ጭብጡ የኃላፊነታቸው ድንበር የት ድረስ ነው የሚለው ነው። ፍርድ ቤቱ ሁለት በር ከፈተ፦ ከውሉ መጣስ በተፈጥሮው የሚከተለው ጉዳት ይካሳል፤ ሁለቱ ወገኖች ሲዋዋሉ ሊያስቡት ይችሉ የነበረው ጉዳትም ይካሳል። ከእነዚህ ውጭ ያለው አይካስም። ዘንግ የተቀበለ አጓጓዥ ባለወፍጮው መለዋወጫ ይኑረው አይኑረው በምን ያውቃል? ስለዚህ የትርፉ ጥያቄ በዚህ አላለፈም።

እዚህ ድረስ ማንም የመማሪያ መጽሐፍ ይነግራችኋል። ዋናውን ጽሑፍ የከፈተ ተማሪ ግን አንድ የሚከነክን ነገር ያያል። የፍርዱ ዘገባ መግቢያ ላይ ባለወፍጮዎቹ የላኩት ሰው ለአጓጓዦቹ ጸሐፊ ወፍጮው መቆሙን ነግሮት እንደነበር ተጽፏል። የዳኞቹ ትንታኔ ደግሞ ይህ እንዳልተነገረ አድርጎ ይሄዳል። ተነግሮ ከነበረ ውጤቱ እንዲህ መሆን ነበረበት? በዚህ ላይ ከዚያ በኋላ የመጡ ዳኞችም ምሁራንም ብዙ ተነጋግረውበታል። ማጠቃለያ ብቻ ያነበበ ልጅ ይህን አያየውም፤ ሴሚናር ላይ አስተማሪው የሚጠይቀውም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው።

አሁን የማንኛውንም ፈጣን መልእክት ድርጅት የአገልግሎት ውል አውጡና ትንንሾቹን ፊደላት አንብቡ። «ለተዘዋዋሪ ጉዳትና ለቀረ ትርፍ ኃላፊ አንሆንም» የሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር አታጡም። የዚያ ወፍጮ ጥላ ነው።

ኩባንያ የሚባለው ሰው

ሁለተኛ ዓመት ላይ ንግዱ በእርግጥ ይመጣል፤ በሩም የኩባንያ ሕግ ነው። ከዚህ ኮርስ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ፣ ኩባንያ ከባለቤቶቹ የተለየ የራሱ ሰውነት ያለው መሆኑን ያዙ። ሁሉም ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል፤ ፈተና ላይ ሲደርስ ግን አብዛኛው ይረሳዋል።

አሮን ሳሎሞን በለንደን ጫማ ሠሪ ነበር። ለብዙ ዓመታት በራሱ ስም ሲሠራ የቆየውን ንግድ በ1892 ወደ ኩባንያ አዞረ። የዚያን ጊዜው ሕግ ሰባት አባላት ይጠይቅ ስለነበር ሚስቱና አምስት ልጆቹ አንዳንድ አክሲዮን ይዘው ገቡ፤ ቀሪው 20,001 አክሲዮን የእሱ ነበር። ንግዱን ለኩባንያው ሲሸጥ ከዋጋው 10,000 ፓውንዱን በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በመያዣ በተጠበቀ የዕዳ ሰነድ ወሰደ። በሌላ አነጋገር ለራሱ ኩባንያ አበዳሪ ሆነ፤ ያውም ቅድሚያ ያለው አበዳሪ። ኩባንያው ብዙ ሳይቆይ ከሰረ። ዕቃ በዱቤ የሰጡት ነጋዴዎች ሲመጡ ለእነሱ የሚተርፍ ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያው ዳኛ ኩባንያው የሳሎሞን ወኪል ብቻ ነው አለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ነገሩን በሕጉ መጫወት አድርጎ አየው። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ግን ሁለቱንም ሻረ፦ ሕጉ ሰባት አባላት አለ፣ ሰባት ተገኙ፤ ከዚህ ወዲያ የማን ድርሻ ትልቅ ነው፣ ልቡ ምን ነበር የሚለው ኩባንያውን ከሰውነት አያወርደውም። ኩባንያው ሌላ፣ ሳሎሞን ሌላ። ጉዳዩ በ1897ቱ የፍርድ ዘገባ ታትሞ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ክፍል ውስጥ ይህ ጉዳይ ሲነበብ ሁልጊዜ የሚቆጣ ተማሪ አለ። «እነዚያ ዱቤ የሰጡትስ?» ይላል። እኔም ተቆጥቼ ነበር። ቁጣው ጥሩ ምልክት ነው፤ ምክንያቱም ቀሪው የኩባንያ ሕግ ለዚያ ቁጣ የተሰጠ ረጅም መልስ ነው። ዳይሬክተሮች ኩባንያው ወደ ኪሳራ ሲያዘነብል ለገንዘብ ጠያቂዎች ማሰብ አለባቸው ወይ? ፍርድ ቤት መጋረጃውን ገልጦ ከኋላ ያለውን ሰው የሚይዘው መቼ ነው? እናት ኩባንያ ለልጅ ኩባንያዋ ጥፋት ትጠየቃለች? ባንክ ለትንሽ ኩባንያ ሲያበድር የባለቤቱን የግል ዋስትና የሚያስፈርመውስ ለምንድን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፦ የሳሎሞንን ፍርድ ስላነበበ።

ከዚያ በኋላ ኮርሶቹ ይደራረባሉ። ውክልና፣ ሽያጭ፣ ቼክና የተስፋ ሰነድ፣ ኢንሹራንስ፣ አሠሪና ሠራተኛ፣ ግብር፣ ኪሳራ፣ የንግድ ምልክትና ፓተንት፣ የንግድ ውድድር፣ የሸማቾች ጥበቃ፤ አሁን አሁን ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ። ሁሉንም የሚወድ ሰው አላየሁም። ግብርን የሚፈራው ብዙ ነው፤ ብዙ ጊዜ በስተመጨረሻ ከሁሉም ፈጥኖ ሥራ የሚያገኘውም ግብሩን ያልፈራው ልጅ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ዓለም አቀፍ ንግድን የሚጨምር ፕሮግራም ካገኛችሁ አትለፉት። ኢንኮተርምስ የሚባሉት የዕቃ ማስረከቢያ ደንቦች ከ1936 ጀምሮ የሚታተሙ ናቸው፤ የ2020ው እትም 11 አሉት። ከእነዚህ ደንቦች አንዱ በሆነው በኤፍኦቢ የተሸጠ ዕቃ መርከቡ ላይ ከተጫነ በኋላ ቢጎዳ አደጋው የገዢው ነው፤ ሳይጫን ወደቡ ላይ ከተጎዳ የሻጩ። ሦስት ፊደል የሚሊዮኖችን ኪሳራ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ያዛውራል። የግልግል ዳኝነትም እዚሁ ይመጣል፦ የ1958ቱ የኒውዮርክ ስምምነት ከ170 በላይ አገሮች ስለተቀበሉት፣ አንድ አገር ውስጥ የተሰጠን የግልግል ውሳኔ ሌላ አገር ወስዶ ማስፈጸም ብዙ ጊዜ የፍርድ ቤትን ፍርድ ከማስፈጸም ይቀላል። ትልልቅ የንግድ ውሎች መጨረሻ ላይ የግልግል አንቀጽ የሚቀመጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቁጥር አይቀርም

«ሂሳብ ስለሸሸሁ ነው ሕግ የመረጥኩት» የሚል ተማሪ በየዓመቱ ይኖራል። በዚህ ዲግሪ አያመልጥም። ከባድ ሂሳብ የለም፤ የሀብትና ዕዳ መግለጫን ማንበብ ግን ግድ ነው። ኩባንያው ትርፍ ሊያከፋፍል ይችላል ወይ የሚለው የሕግ ጥያቄ መልሱ ያለው ሰንጠረዡ ውስጥ ነው። የአሜሪካው ኢነርጂ ኩባንያ ኤንሮን በ2001 ሲወድቅ ዕዳው ከመዝገቡ ውጭ በሌሎች ተቋማት ስም ተደብቆ ነበር። በማግስቱ ዓመት የወጣው የሰርቤንስ ኦክስሊ ሕግ ዋና ሥራ አስፈጻሚውና የፋይናንስ ኃላፊው የሂሳብ ሪፖርቱን በፊርማቸው እንዲያረጋግጡ ግዴታ ጣለ። ሪፖርቱን ማንበብ የማይችል የሕግ ባለሙያ እንዲህ ዓይነት አለቃውን ምን ብሎ ያማክራል?

ፈተናውና ጽሕፈቱ

የመጀመሪያውን የውል ሕግ ፈተናዬን ስወጣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። የማውቀውን ሁሉ ጽፌያለሁ፦ ውል ለመመሥረት የሚያስፈልጉትን ነገሮች፣ የስህተትን፣ የማታለልን፣ የመገደድን ደንብ፣ አንድም ሳላስቀር። ወረቀቱ ሲመለስ ኅዳጉ ላይ በቀይ «ሕጉን እኔም አውቀዋለሁ። ስለ ባለጉዳዩ ንገረኝ» ተብሎ ተጽፎበታል። ማርኩን አልናገርም።

የሕግ ፈተና ታሪክ ይሰጣችኋል፤ አንድ ገጽ ያህል፣ ሆን ተብሎ የተወሳሰበ። ከታሪኩ ውስጥ ለውጤቱ የሚጠቅመውን ፍሬ ነገር ታወጣላችሁ። ከእሱ ጭብጡን ትይዛላችሁ። ከዚያ ሕጉ፣ ከዚያ ሕጉን በዚህ ባለጉዳይ ላይ ማዋል፣ ከዚያ መደምደሚያ። ማርኩ የሚከማቸው አራተኛው ላይ ነው፤ ተማሪ በብዛት የሚዘለውም እሱን ነው። «ሻጩ አታሏል» ብሎ መጻፍ ትንታኔ አይባልም። «ሻጩ ፓምፑ አዲስ ነው ሲል መለያ ቁጥሩ የተፋቀ መሆኑን ያውቅ ነበር፣ ምክንያቱም ባለፈው ወር ራሱ አስጠግኖታል» ሲባል ግን ከታሪኩ ጋር ተገናኘ። በተጨማሪም የተቃራኒውን ወገን ምርጥ ክርክር አንስቶ ለምን እንደማያሸንፍ ማሳየት ይጠበቃል። ይህ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ሰው በተፈጥሮው ለሚደግፈው ወገን ብቻ ይጽፋልና።

አጻጻፉም ከሚጠበቀው በተቃራኒ ነው። የሕግ ጽሑፍ ማለት ረጅምና ከባድ ቃላት የሞሉበት ነው ብሎ የሚመጣ ተማሪ አለ። ጎበዝ አስተማሪ ይህን በመጀመሪያው ወር ያስጥላል። ውል ማርቀቅ ላይ በተለይ አንዲት ላላ ያለች ቃል ታስጠይቃለች። «ዕቃው ወዲያውኑ ይረከባል» ብላችሁ ጽፉና ለአሥር ተማሪ ስጡ፤ ለአንዱ ዛሬ ነው፣ ለሌላው በዚህ ሳምንት፣ ለሦስተኛው ክፍያው በገባ ማግስት። «ክፍያው በሻጩ ሂሳብ ከገባበት ቀን ቀጥሎ ባሉት 3 የሥራ ቀናት ውስጥ» ያለው ይበልጣል፤ እሱም ቢሆን «የሥራ ቀን» የማን አገር የሥራ ቀን እንደሆነ ካልተናገረ ጎደሎ ነው።

ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አንድ ነገር ልበል፣ ሁሉም ስለሚጠይቅ። ማጠቃለያ ያወጣል፣ ረቂቅ ይጽፋል፤ የሌለ ፍርድም ይፈጥራል። በ2023 ኒውዮርክ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ቻትጂፒቲ የፈለሰፋቸውን ፍርዶች እውነተኛ አስመስለው ባቀረቡ ሁለት ጠበቆችና በቢሯቸው ላይ የ5,000 ዶላር ቅጣት ጥሏል። የጠቀሳችሁትን ፍርድ ራሳችሁ ከፍታችሁ ካላነበባችሁ አትጥቀሱት። ይህ ደንብ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊትም ነበር።

ምስለ ችሎትን፣ ማለትም ተማሪዎች እንደ ጠበቃ ቆመው የሚከራከሩበትን ልምምድ፣ ዓይን አፋር ተማሪዎች ይሸሹታል፤ ባይሸሹት እመርጣለሁ። ቆሞ መናገር ትንሹ ጥቅሙ ነው። ዳኛ ሆኖ የተቀመጠው ሰው መሐል ላይ አቋርጦ ሲጠይቅ የጻፋችሁት ንግግር ዋጋ ያጣል፤ የሚቀረው ጉዳዩን ምን ያህል እንደምታውቁት ነው። ለንግድ ሕግ ተማሪ ትልቁ መድረክ በየዓመቱ ቪየና የሚካሄደው የዊለም ቪስ ውድድር ነው። በግልግል ዳኝነትና በዚያው በ1980ው የሽያጭ ስምምነት ላይ ያተኩራል፤ ተማሪዎች መጀመሪያ ለከሳሽ፣ ቀጥሎ ለተከሳሽ ይጽፋሉ። ያንኑ ጉዳይ ከሁለቱም ወገን መከራከር ሰውን ትሑት ያደርጋል።

ሳምንቱ ምን ይመስላል? ክፍል ውስጥ የምትቀመጡበት ሰዓት ከምሕንድስና ወይም ከሕክምና ተማሪ ያነሰ ነው፤ ጓደኞቻችሁ በዚህ ይቀኑባችኋል። ቀሪው ሰዓት ግን ነፃ አይደለም፣ የንባብ ነው። ለአንድ ሴሚናር ሁለት ሦስት ፍርድ፣ አንድ የመጽሐፍ ምዕራፍ፣ አንዳንዴ የጆርናል ጽሑፍ። ለብቻችሁ ሦስት ሰዓት መቀመጥ የማይሆንላችሁ ከሆነ ከወዲሁ ተለማመዱት ወይም ሌላ ትምህርት ምረጡ። ሦስት አራት ሆኖ ማጥናት ይረዳል፤ ፍርዶቹን ተከፋፍሎ ማጠቃለያ መለዋወጥ ግን የሚረዳ የሚመስል ወጥመድ ነው፤ የወፍጮውን ጉዳይ አስታውሱ።

ተመራቂው የሚውልበት ቦታ ሁሉ ፍርድ ቤት አይደለም። ባንክ ውስጥ የመያዣ ሰነድ የሚመረምር፣ ኢንሹራንስ ውስጥ የካሳ ጥያቄ የሚያይ፣ በግዥ ክፍል ውል የሚያስተዳድር፣ ድርጅቱ ሕግና መመሪያ ማክበሩን የሚከታተል፣ የግብር አማካሪ፣ የኩባንያ ጸሐፊ፤ ሁሉም ይህን ዲግሪ የሚጠቀሙ ናቸው። ብዙዎቹ ጠበቃ ሆነው አያውቁም፣ መሆንም አይፈልጉም። ጠበቃ መሆን የምትፈልጉ ግን ቀደም ሲል ያነሳሁትን የፈቃድ ጉዳይ ከመመዝገባችሁ በፊት በጽሑፍ አስመልሱ።

ለመወሰን የምትቸገሩ ከሆነ የትምህርት ክፍሉን ብሮሹር አስቀምጡትና የአምናውን የኩባንያ ሕግ ፈተና ስጡን በሉ። ብዙ ተቋማት ያለፉ ፈተናዎችን ቤተ መጻሕፍታቸው ውስጥ ያስቀምጣሉ። አንዱን ጥያቄ ሕጉን ሳታውቁ አንብቡት። ማን ምን አደረገ፣ ማን ምን ያውቅ ነበር፣ ማን ነው የተበደለው ብላችሁ ወረቀት ላይ መጫር ከጀመራችሁ ተመዝገቡ።